የአርባ አንድ ደቂቃ ምርቃት

እናቴ ከሞተች በኋላ አራት በዓል መርቃለች። አፉ የኔ ነበር። አምስተኛውን ግን እኔ አልመረቅኩም፤ ይህን የምጽፈውም ስለ አምስተኛው ነው።

ማናለብሽ እባላለሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነኝ፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እጽፋለሁ። ሰው ሞቶበት ሳያስመዘግብ ሠላሳ ቀን ያሳለፈ ባለጉዳይ ሲመጣ ማመናጨቅ እወዳለሁ፤ አልዋሽም። «የሞተ ሰው ካልተጻፈ በመንግሥት ዘንድ ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ገብቶሃል?» እላለሁ፣ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳሁ። የገዛ እናቴን የወይዘሮ አልጣሽን ሞት ግን ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልጻፍኩም ነበር።

እናቴ ባለፈው ግንቦት የበግ ጠጉር ስትፈትል ውላ፣ ደክሞኛል ብላ ጋደም እንዳለች በዚያው ቀረች። ልጆቿ ሁለት ነን፤ እኔና ታላቄ ጽዮን። ጽዮን ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ክረምት ሲሆን ፀሐይ ጨርሳ በማትወጣበት ከተማ። አብራት ያለችው ልጇ ሐና ብቻ ናት፤ ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። እዚያ ከተማ ያለው ሐበሻ በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ ሚኒባስ አይሞላም።

ከቀብር ስንመለስ የእናቴ ወንድም ጋሽ ወዳጆ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ፈረዱ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ በሰው ነው፤ በማለዳ ነው፤ ዘመድ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ውኃ ተይዞ ነው። በሰው አገር ደንግጣ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ሰው እስኪገኝ ድረስ አፋችሁን ያዙ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። እኛ ዘንድ ሞትን በስልክ መንገር ሰውን ከገደል እንደ መገፍተር ነው የሚቆጠረው።

በማግስቱ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ጽዮን ናት። ባላነሣው ትጠረጥራለች ብዬ አነሣሁት። ስጮህና ሳለቅስ አድሬ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። «አቤት» ከማለቴ፣

«እማዬ! ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለች።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ «እማዬ አይደለሁም፣ ማኔ ነኝ» ይላል። እኔ ግን «አዎ ልጄ፣ ብርዱ» አልኩ።

«ማኔስ?»

«ቢሮ ናት፤ ሰው ስታመናጭቅ።»

ከትከት ብላ ሳቀች። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ። እናታችን ከተቀበረች ገና ሃያ አራት ሰዓት አልሞላትም ነበር።

ሰው አልተገኘም። አንድ ጊዜ ሊሄድ ነው የተባለው ቀረ፣ ሌላ ጊዜ ጽዮን ራሷ የሥራ ፈተና አለብኝ አለች፣ «ትፈተንና ትሰማለች» ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣና እንቁጣጣሽ መጣ። ችግሩም ያኔ መጣ፤ እነጽዮን ቤት እናቴ ሳትመርቅ ዳቦ አይቆረስማ። ከሄዱ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የኖሩት። ጽዮን ድፎውን በቤቷ ምድጃ ትጋግራለች፣ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ስልኩን አጠገቡ ታቆማለች። እናቴ ከዚህ ትመርቃለች፣ እነሱ ከዚያ አሜን ይላሉ፤ ቢላዋ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐና ልጅ ሳለች ርቧት ብታለቅስ እንኳ ቀድሞ አይቆረስላትም ነበር።

እናቴ ፊቷ በስልክ እንዲታይ ስለማትፈልግ የሚነጋገሩት ሁልጊዜም በድምፅ ብቻ ነበር። ይህ በጀኝ። የኔ ጉሮሮ ግን ድኖ ነበር። ስለዚህ ከሳጥኗ ባናዋን አወጣሁ፤ ራሷ ፈትላ ያሸመነችውን ጥቁር የጠጉር ልብስ። ከነራሴ ተከናንቤ፣ አፌን በጫፉ ሸፍኜ ስናገር ድምፄ ይወፍራል፣ ይደክማል፣ ያረጃል። ባናው እናቴን እናቴን ይሸታል። መረቅኩ፤ አሜን ተባለ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ስልኩን ስዘጋው እንደ ሌባ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

የመስቀሉ የባሰ ነው፤ እሱን ሳልሸፋፍን ልናገር።

በመስቀል ጽዮን «እማዬ፣ ትንሽ አሞኛል» አለችኝ። «ምንም አይደለም፣ ምርመራ ላይ ነኝ። ብቻ ማርያምን ለምኝልኝ። ዛሬ በደንብ አድርገሽ መርቂኝ።» እኔ ደግሞ ባናው ውስጥ ትንፋሽ አጥሮኛል፣ ጎረቤት በር ላይ ይጣራል። የእናቴ ምርቃት መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አርጅተሽ፣ ጥርስሽ ረግፎ፣ ምርኩዝ ይዘሽ፣ የልጅ ልጅ አቅፈሽ፣ የወለድሽው ይቅበርሽ» ትላለች። እኔ ቸኩዬ መሐሉን ዘለልኩት። «የወለድሽው ይቅበርሽ» ብቻ አልኩና ዘጋሁ። አሜን ብላለች። ሰምቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሦስት ወር በላይ ድምፅ ጠፋ። የጽሑፍ መልእክት ብቻ ይመጣል፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደህና ነኝ።» እኔም እፎይ አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ከውሸት ማረፍ ነበር።

በገና ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ወሬዋ አጥሯል። የድሮ ነገር አታነሣም፤ እኔም እንዳትይዘኝ ፈርቼ አላነሣም። አየሩ እንዴት ነው፣ በረዶው እንዴት ነው ተባብለን ወደ ምርቃቱ ገባሁ። አሜን ስትል ሁለት አሜን ሰማሁ። አንዱ ከስልኩ ቅርብ ነው፤ ሁለተኛው ከክፍሉ ወዲያ ጥግ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚመጣ። ሐና ናት ብዬ አለፍኩት።

በጥምቀት ነው ፀጉሬ የቆመው። ምርቃቱ መጨረሻ ላይ ደርሼ አሁንም መሐሉ ጠፋብኝ። ከመስቀል ወዲህ እዚያ ቦታ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እሱን ትቼ «የወለድሽው ይቅበርሽ» ልል ስል፣ ከስልኩ ውስጥ «አርጅተሽ፣ ጥርስሽ ረግፎ፣ ምርኩዝ ይዘሽ» የሚል የአሮጊት ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ ትንሽ የተቆጣ። እናቴ በልጅነቴ ዳዊት ስደግም ስስት እንዲህ ነበር የምታርመኝ። ጨርሼ ዘጋሁ። ኔትወርኩ ነው፣ ድምፅ እየመለሰ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን የሚመልሰው ያልኩትን ነው እንጂ ያላልኩትን ከየት ያመጣዋል?

በማግስቱ የእናቴ ነፍስ አባት ቄስ ገሠሠ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። መስቀላቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣

«ልጄ፣ የምርቃቱ ባለቤት እናትሽ ናት» አሉኝ። «አንቺ በስሟ ስትሰጪው፣ እሷ የት ሆና የምትሰማ ይመስልሻል?»

«አባቴ፣ አያስፈራሩኝ።»

«አላስፈራሁሽም፤ ጠየቅኩሽ እንጂ። አሁን ያችን ልጅ ንገሯት። ሳታውቅ የእናቷ ሙት ዓመት አይወጣም።»

ጋሽ ወዳጆም በዚህ ተነቃነቁ። ኦስሎ የሚኖር አንድ የጋሽ ወዳጆ አገር፣ የቀየት ልጅ ተገኘ። ለዳግማ ትንሣኤ ጽዮን ያለችበት ከተማ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ያሉትን ሐበሾች ይዞ፣ በማለዳ ሊያረዳት ተስማማ። እንግዲህ የቀረኝ አንድ በዓል ብቻ ነው፤ ፋሲካ። አንድ ምርቃት።

አልመርቅም አልኩ። ወስኛለሁ። ካልመረቅኩ ያለ ምርቃት ዳቦ ትቆርሳለች፤ ቅር ይላታል፤ ቅር ይበላት። ሌላ «የወለድሽው ይቅበርሽ» ከአፌ አይወጣም።

የፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ባናውን በአራት አጥፌ የእናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ ከላዩ ላይ አኖርኩት። ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆለፍኩ፣ ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩ፣ የቤቱንም በር ቆለፍኩ። ከዚያ በማለዳ ተሳፍሬ ቀየት ጋሽ ወዳጆ ዘንድ ሄድኩ። ዶሮው ቀረበ፤ አልወርድልሽ አለኝ። ጋሽ ወዳጆ «ብዪ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ሁለት ወር ጾመሽ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። በበዓል የሚደወልበት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ሳጥን ውስጥ ስልኩ በዝምታ ሲበራና ሲጠፋ ታየኝ። መቀነቴን ዳበስኩ። ቁልፉ አለ።

ቤቴ የተመለስኩት ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ከፈትኩ። ሳጥኑም እንደተቆለፈ ነው፤ ከፈትኩ።

ባናው አልታጠፈም። ተዘርግቶ፣ ራስ የሚገባበት ያህል ተሸብልሎ ተቀምጧል፤ ስልኩ ከሥሩ ነው። ሳነሣው ጫፉ እጄን አራሰኝ። አፌን የምሸፍንበት ቦታ ነው። ረዥም ሰዓት ሲወራበት እንደሚሆነው በትንፋሽ ረጥቧል። ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው። እኔ ከጥምቀት ወዲህ አልተከናነብኩትም።

ስልኩን ከፈትኩ። ጽዮን፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ የተነሣ ጥሪ፤ አርባ አንድ ደቂቃ።

ያልተጻፈ ሙት ቆሞ ይሄዳል ስል የኖርኩት ባለጉዳይ ለማስደንገጥ ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ጓዳው በር ማየት ፈራሁ። እናቴን ፈራኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም አላውቅም፤ የወለደችኝን እናት ፈራሁ።

ስልኩ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የጽዮን ቁጥር አይደለም፤ የሐና የራሷ ነው። አነሣሁት፤ ባናውን ግን አልለበስኩም።

«ሄሎ?» አልኩ በገዛ ድምፄ።

«አክስቴ?» ሐና ናት። ድምፅዋ ቁርጥ የእናቷ ነው፤ አማርኛዋም የመንዝ ነው፣ ከእናቷ በቀር ያስተማራት የለምና። «አክስቴ፣ እምዬ አጠገብሽ አለች?» እምዬ የምትለው አያቷን ነው።

«የለችም።»

«እንዳትሰማ፤ እባክሽ እንዳትሰማ።» ትንፋሽዋ ይቆራረጣል። «አክስቴ፣ እማዬ ሞታለች። ኅዳር ላይ ነው የሞተችው። ካንሰር ነው፤ ስናውቅ ጊዜው አልፎ ነበር። እዚሁ ነው የቀበርኳት። እዚህ ያሉት ትልልቅ ሰዎች፣ ለእናቷ በስልክ እንዳትነግሪ፣ ትሞትብሻለች፣ ሰው እስኪሄድ ጠብቂ አሉኝ። በገናም በጥምቀትም ያወራኋት እኔ ነኝ። መልእክቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

መርዶዬን በስልክ ሰማሁ። ውኃ የያዘ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ማለዳም አልነበረም። የጮህኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፌን በባናው ጠቅጥቄዋለሁ። እታለሜ! እኔ የሞተች እናት ሆኜ ሳወራ፣ ከዚያ ወዲያ የሞተችው እህቴ ነበረች። በሁለታችንም ወገን ሰው እስኪገኝ እየጠበቅን፣ ሁለት ሬሳ እንካሰላምታ ስንለዋወጥ ነው የከረምነው።

«አክስቴ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ዛሬ ግን መዋሸት አቃተኝ። በጥምቀት እምዬ የወለድሽው ይቅበርሽ ስትለኝ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ቀብሬያት ነበራ! ዛሬ የእማዬን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበትና ሥራ ገባሁ። እዚህ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ተራ እሑድ ነው። አሁን ስመለስ ከስልኩ ወደ እምዬ ተደውሏል። አርባ አንድ ደቂቃ። አክስቴ፣ እምዬ ከማን ጋር ነው ያወራችው?»

መርዶ በስልክ የማይነገር ቢሆንም፣ ከዚህ በኋላ ምን ተረፈን? ነገርኳት። እምዬ ከባለፈው ግንቦት ጀምሮ እንደሌለች፣ በገናም በጥምቀትም የመረቅኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ዛሬ ቀየት እንደዋልኩ፣ ቁልፉ መቀነቴ ላይ እንደነበረ ነገርኳት። የመስቀሉን ግን አልነገርኳትም። መሐሉን እንደዘለልኩት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። መስኮቷን ነፋስ ሲመታው ይሰማኛል።

«ሐናዬ፣ በገና አሜን ስትዪ አብሮሽ ማን ነበር?»

«ማንም። ብቻዬን ነበርኩ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ ዳቦው ተቆርሷል» አለች።

«የምን ዳቦ?»

«ትናንት ማታ ጋግሬ ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ። ሳልነካው በጨርቅ ሸፍኜው ነው የሄድኩት። አሁን ሳየው በመስቀል ምልክት ተቆርሷል። ዳር ዳሩ ከሁለት ቦታ ተነሥቷል። መሐሉ ለብቻው ሳህን ላይ ተቀምጦ ተሸፍኗል። እማዬ መሐሉን ሁልጊዜ ለኔ ነበር የምታስቀምጠው፤ ቅርፊት አልወድማ።» አሁን ማልቀስ ጀመረች። «ልብላው ወይስ ልጣለው? ፈርቻለሁ።»

እኔም ፈርቻለሁ። ቄስ ገሠሠ ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ አላውቅም። የሙት እጅ የቆረሰውን ይበላል? ባናውን ጉንጬ ላይ አስጠጋሁት፤ እርጥቡ ገና አልደረቀም። የእናቴ ምርቃት ቢረዝም ሦስት ደቂቃ ነው። ሠላሳ ስምንቱን ደቂቃ ሁለቱ ምን ሲያወሩ ዋሉ? እኔን ሲያሙ ይሆናል፤ ይገባኛል። ሦስቱን ደቂቃ ግን እናቴ መሐሉን እንደማትዘል አውቃለሁ። አንድ ቃል ዘላ አታውቅም። እርጅናውንም፣ ምርኩዙንም፣ የልጅ ልጁንም አሟልታ፣ ለአንዲት ብቻ ነው የመረቀችው፤ እዚያ ቤት ከሕያዋን የቀረችው ሐና ብቻ ናትና።

«ብዪው» አልኳት።

«አክስቴ...»

«ብዪው የኔ ልጅ። ዓመት ሙሉ ከበላሽው ሁሉ የተመረቀው እሱ ብቻ ነው።»

ጨርቁን ስታነሣ፣ ሳህኑ ጠረጴዛውን ሲነካው ሰማሁ። እያለቀሰች በላች፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እያለቀስኩ ጠበቅኳት። ስትጨርስ «አሜን» አለች።

ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ከክፍሉ ወዲያ ጥግ የደገመላት አልነበረም።